«አንቲቦዲሽ ነው ልጅ የሚከለክልሽ» ተባልኩ፤ ፕሬድኒሶሎን ልጀምር?

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከተጋባን አራት ዓመት ሊሞላን ነው፤ አንድም ጊዜ አርግዤ አላውቅም። የወር አበባዬ በየ28 ወይም በየ30 ቀኑ ይመጣል። አልትራሳውንድ ታይቼ ደህና ነሽ ተባልኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተመርምሮ ‹ችግር የለብህም› ብለውታል። ‹ምክንያቱ አልታወቀም› ስንባል በራሴ ወጪ ሰፊ የደም ምርመራ አደረግሁ። ቲ.ኤስ.ኤች. 3.6፣ የታይሮይድ አንቲቦዲ ማለትም ቲ.ፒ.ኦ. 240፣ ፕሮላክቲን 34፣ ኤ.ኤም.ኤች. 1.5፣ ኤ.ኤን.ኤ. 1፡80 ፖዘቲቭ፣ አንቲካርዲዮሊፒን አይ.ጂ.ኤም. 24። ወረቀቱን ያየ አንድ ባለሙያ ‹ፅንሱን የሚገድለው የራስሽ ሰውነት ነው› ብሎ ፕሬድኒሶሎን፣ የታይሮይድ ኪኒንና አስፒሪን እንድጀምር ነገረኝ። ዕቁብ ደርሶኛል። መድኃኒቱን ልጀምር ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ አይ.ቪ.ኤፍ. (ከማህፀን ውጪ ማስፀነስ) ልሞክር?»

መልስ፦ ፕሬድኒሶሎኑን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ኪኒን) አይጀምሩ። አስፒሪኑንም ይተዉት። የታይሮይዱ ኪኒን ሁለተኛ የደም ምርመራ ሳይደረግ አይወሰንም። አዲስ አበባ መሄዱም ለጊዜው ይቆይ። በእጅዎ ያለው ወረቀት ብዙ ቁጥር አለው፤ ለእርግዝና ዋና የሆኑት ሁለቱ ምርመራዎች ግን የሉበትም። የማህፀን ቱቦዎ ክፍት መሆኑ አልታየም። የባለቤትዎ የዘር ፈሳሽ ውጤትም በቃል የተነገረ ነው እንጂ በቁጥር አልተጻፈም፤ ሁለት ዓመትም አልፎታል። የዕቁቡ ብር መጀመሪያ የሚውለው እዚህ ላይ ነው።

«ሰውነትሽ ፅንሱን ይገድለዋል» የተባሉት ከራስዎ ታሪክ ጋር አይገጥምም። አርግዘው አያውቁም። አንቲቦዲ ሰውነት ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ከፅንስ መጨንገፍ ጋር ዝምድናቸው የታወቀ አንቲቦዲዎች አሉ፤ ጥያቄያቸው የሚነሳው ግን ደጋግማ ለጨነገፈባት ሴት ነው። «ሳታውቂው እየተፀነሰ ይጠፋል» የሚልዎት ቢኖርም ይህን ከእነዚህ ቁጥሮች ማንበብ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ይህን ጥፋት በራስዎ ላይ አይጫኑት፤ ማንም ያላረጋገጠው ክስ ነው።

«ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚለው ስም የሚሰጠው ሦስት ነገሮች ተጣርተው ደህና ሲሆኑ ነው፦ እንቁላል በየወሩ መውጣቱ፣ ቢያንስ አንዱ ቱቦ ክፍት መሆኑ፣ የወንዱ ዘር በቂ መሆኑ። የእርስዎ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የተመለሰው። የወር አበባ በ28 እና በ30 ቀን መካከል የሚመላለስ ከሆነ እንቁላል እየወጣ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ርካሹ መንገድ እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምረውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን መለካት ነው፤ የሚለካውም ቀጣዩ የወር አበባ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቀን 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ዑደቱ 28 ቀን ከሆነ በ21ኛው፣ 30 ከሆነ በ23ኛው ቀን ማለት ነው። በሚሊ ሊትር ከ3 ናኖግራም ካለፈ እንቁላል ወጥቷል። 6 ይሁን 14 ብዙ አያስጨንቅም፤ ሆርሞኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል በአንድ ልኬት «ፕሮጄስትሮንሽ ደካማ ነው» ማለት ስህተት ነው። አልትራሳውንድ ደግሞ ማህፀኑንና እንቁላል ማምረቻውን እንጂ ቱቦውን አያሳይም። ጤነኛ ቱቦ በአልትራሳውንድ አይታይም፤ የሚታየው ተዘግቶ ፈሳሽ ሲቋጥር ነው። «አልትራሳውንዴ ደህና ነው» ማለት «ቱቦዬ ክፍት ነው» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ከስድስቱ ትኩረት የሚገባው ታይሮይዱ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት ልበል። ቲ.ኤስ.ኤች. (የታይሮይድ ዕጢው እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን) 3.6 በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ከ0.4 እስከ 4 ገደማ በሚሆነው ልክ ውስጥ ነው። ቲ.ፒ.ኦ. 240 ግን እውነተኛ ግኝት ነው፤ የሰውነትዎ መከላከያ የታይሮይድ ዕጢውን እየነካካው መሆኑን ያመለክታል። ትርጉሙም ዕጢው በሚቀጥሉት ዓመታት ሊደክም እንደሚችል፣ በተለይ በእርግዝና ጊዜ የሆርሞን ፍላጎት ሲጨምር አቅም ሊያንሰው እንደሚችል ነው። ስለ ዕጢው መጪ ጊዜ ይናገራል እንጂ ስለ ቱቦዎ ወይም ስለ እንቁላልዎ ምንም አይልም። 240 መሆኑ ከ90 የባሰ፣ ከ900 የተሻለ ነው ማለትም አይደለም፤ ስለዚህ አንቲቦዲውን ለማውረድ መድኃኒት መውሰድም ደጋግሞ ማስለካትም ገንዘብ ማባከን ነው።

ታዲያ የታይሮይድ ኪኒን ቢወሰድ ለመፀነስ አይረዳም? ይህ ጥያቄ በጥሩ ጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ታብሌት የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ልክ እንደ እርስዎ ቲ.ፒ.ኦ. ያለባቸውን፣ የታይሮይድ ሥራቸው ግን ደህና የሆነውን፣ ፅንስ የጨነገፈባቸውን ወይም ለመፀነስ የተቸገሩ 952 ሴቶች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ከመፀነሳቸው በፊት ጀምሮ በቀን 50 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ኪኒን ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ልጅ የወለዱት ከመጀመሪያዎቹ 37.4 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 37.9 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም። ቲ.ኤስ.ኤች. ከ2.5 እስከ 4 ሲሆን 25 ወይም 50 ማይክሮግራም የሚሰጡ ሐኪሞች አሉ፤ በክትትል ከሆነ አይጎዳም፤ ልጅ ያመጣል ብለው ግን አይጠብቁ።

የምመክረው ይህን ነው፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች. እና ፍሪ ቲ4 (ዕጢው ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን) አንድ ላይ ይለኩ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነ ከምርመራው ቢያንስ 3 ቀን በፊት ያቁሙ፤ የብዙ መመርመሪያ ማሽኖችን ውጤት ያዛባል። ቲ.ኤስ.ኤች. ከ4 በላይ ከሆነ ሌቮታይሮክሲን ይጀመራል። አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ነው። በቡና የተዋጠ ኪኒን ግማሽ መንገድ ላይ እንደቀረ ነው። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን ካለ 4 ሰዓት ይራራቁ። ከ6 ሳምንት በኋላ ድጋሚ ይለካል። ቲ.ኤስ.ኤች. ከ4 በታች ሆኖ ከቀጠለ ኪኒን አያስፈልግም፤ ክትትል ይበቃል። የባሕር ተክል ዱቄት ወይም የአዮዲን ጠብታ አይግዙ፤ ቲ.ፒ.ኦ. ባለበት ሰው ላይ የበዛ አዮዲን ዕጢውን ያደክመዋል። አዮዲን ያለው ጨው በክዳን ዕቃ ከፀሐይ ርቆ ከተቀመጠና ወጡ ሊወጣ ሲል ከተጨመረ በቂ ነው።

ፕሮላክቲን (የጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን) 34 ከላይኛው ልክ፣ ከ25 ገደማ፣ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። የወር አበባዋ በሥርዓቱ በሚመጣ ሴት ላይ ይህ የመካንነት ምክንያት አይሆንም። ፕሮላክቲን የሚጎዳው እንቁላል እንዳይወጣ ሲያደርግ ነው፤ ያኔ ደግሞ የወር አበባው ይዘገያል ወይም ይቀራል። ይህ ሆርሞን በድንጋጤ፣ በሕመም፣ በእንቅልፍና በጡት መነካካት ከፍ ይላል። ከአዘዞ በታክሲ ተጋፍቶ መጥቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ተሰልፎ፣ የመጀመሪያው መርፌ ደም ሥር ስቶ በሁለተኛው የተቀዳ ደም 34 ቢያሳይ ምን ይገርማል? ድጋሚ ከተለካ ከእንቅልፍ ከተነሡ 2 ወይም 3 ሰዓት በኋላ፣ ምግብ ሳይበሉ፣ 20 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ይሁን። የሚወስዱትንም መድኃኒት ይናገሩ፤ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሜቲልዶፓ ፕሮላክቲንን ያንራሉ። የደከመ ታይሮይድም እንዲሁ። ለ34 ፕሮላክቲን የሚያወርዱት ካበርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን መጀመር የለባቸውም። ቁጥሩ ከ100 ካለፈ፣ ከጡት ወተት መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ የወር አበባ ከተቋረጠ፣ ወይም ራስ ምታትና የዓይን ጥግ መጋረድ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የአንጎል ኤም.አር.አይ. ያስፈልጋል።

ኤ.ኤም.ኤች. 1.5 ሲባል መጀመሪያ መለኪያውን ከወረቀቱ ላይ ያንብቡ። በሚሊ ሊትር 1.5 ናኖግራም ከሆነ በሌላው መለኪያ 10.7 ፒኮሞል ነው፤ ለ31 ዓመት ዝቅ ያለ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። 1.5 ፒኮሞል ከሆነ ግን 0.2 ናኖግራም ማለት ነው፤ እሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጊዜ ማባከን አይገባም። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ፍጹም የተለያየ ወሬ። ኤ.ኤም.ኤች. የሚናገረው በመርፌ ቢነቃቃ እንቁላል ማምረቻው ስንት እንቁላል ሊሰጥ እንደሚችል ነው፤ በተፈጥሮ መፀነስ አለመፀነስን አይተነብይም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ሴቶች ተከታትሎ ኤ.ኤም.ኤች. ያነሰባቸውም እንደሌሎቹ መፀነሳቸውን አሳይቷል።

ኤ.ኤን.ኤ. (የራስን ሕዋስ የሚነካ አንቲቦዲ) 1፡80ን ከሐሳብዎ ያውጡት። ከ100 ጤነኛ ሰዎች 13 ያህሉ በዚህ መጠን ፖዘቲቭ ናቸው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ወባ፣ ቲቢና ካላዛር ሰውነት አንቲቦዲ ያለ ልክ እንዲያመርት ያደርጋሉ፤ ከመተማና ከሁመራ ወገን ታመው የሚመጡ የካላዛር ሕሙማን ኤ.ኤን.ኤ. ፖዘቲቭ ቢሆን ሉፐስ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ) አለባቸው ማለት አይደለም። ከቁጥሩ ጋር ፊት ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የማያባራ የአፍ ቁስል ወይም አረፋ የሚበዛበት ሽንት ካለ ብቻ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይሂዱ። ከሌለ ድጋሚ መመርመርም አያስፈልግም።

አንቲካርዲዮሊፒን 24ም ያው ነው። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (ደም የሚያረጋና ፅንስ የሚያስጨነግፍ የአንቲቦዲ በሽታ) ለማለት ውጤቱ በጉልህ ከፍ ማለት አለበት፤ በተለምዶ ከ40 በላይ። ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላም ድጋሚ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ትኩሳት ብቻ ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያም በላይ ሴትየዋ ደም የረጋባት ወይም ፅንስ የጠፋባት መሆን አለባት። እርስዎ ሁለቱም የሉብዎትም። ምርመራው ትልቅ ዋጋ የሚኖረው ተደጋጋሚ ፅንስ ለጨነገፈባት ወይም ከ10 ሳምንት በኋላ ፅንስ ለሞተባት ሴት ነው፤ ያን ጊዜ አስፒሪንና ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ) በእርግዝና ውስጥ ይሰጣሉ፣ ይጠቅማሉም። ለመፀነስ ግን አይሰጡም። በየቤቱ ጨጓራ በበዛበት አገር አስፒሪንን ያለ ምክንያት በየቀኑ መዋጥ ቀላል ነገር አይደለም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህ አንቲቦዲ የቂጥኝ ምርመራ የሆነውን ቪ.ዲ.አር.ኤል. በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ የተነሳ የተበጠበጠ ትዳር አለ። ቪ.ዲ.አር.ኤል. ፖዘቲቭ ቢባል ቲ.ፒ.ኤች.ኤ. በተባለው የቂጥኝ ማረጋገጫ ምርመራ ሳይረጋገጥ ማንም ማንንም መጠርጠር የለበትም።

ከዚህ በኋላ «ናቹራል ኪለር ሴል»፣ «የዘር ፀረ እንግዳ አካል» ወይም «የደም መርጋት ጂን» የሚባሉ ምርመራዎችን የሚያቀርብልዎት ሰው ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱ ላልታወቀ መካንነት የወጣው የ2023 የአውሮፓ መመሪያ እነዚህን አይመክርም፤ ውጤታቸው የሕክምናውን መንገድ አይለውጥምና። በማህፀን ግድግዳ ላይ ያለው «ኪለር ሴል» ስሙ ያስፈራል እንጂ ፅንስ ሲተከል የደም ሥሮችን በማዘጋጀት ያግዛል።

ፕሬድኒሶሎን ላይ ለምን እንደጠነከርኩ ግልጽ ላድርግ። በእርስዎ ሁኔታ ጥቅሙ አልታየም፤ ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ የመከላከያ አቅምን ስለሚያዳክም ተኝቶ የቆየ ቲቢን ያስነሳል። በሰገራ ምርመራ በቀላሉ የሚታለፈው ስትሮንጂሎይዲስ የተባለ የአንጀት ትል በደም ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ስኳርንና ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ በአገራችን ቱቦ ከሚዘጉ ሕመሞች አንዱ የማህፀን ቲቢ ነው፤ ሳልም ትኩሳትም ሳይኖረው ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ቱቦው ሳይታይ ፕሬድኒሶሎን መስጠት የልጁን መንገድ የዘጋውን በሽታ መቀለብ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ጀምረውት ከሆነና 3 ሳምንት ካለፈው በአንድ ጊዜ አያቋርጡት፤ ሰውነት የራሱን ኮርቲዞል ማምረት አቁሞ ይሆናልና ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

ሰውነት ራሱን ማጥቃቱ በእርግጥ ልጅ የሚከለክልበት ጊዜ አለ፤ መልኩ ግን እንደ እርስዎ አይደለም። ከ40 ዓመት በታች ሆና የወር አበባዋ 4 ወር የቀረባት፣ ኤፍ.ኤስ.ኤች. (እንቁላል እንዲያድግ የሚያዘው ሆርሞን) ከ25 በላይ የሆነባት ሴት እንቁላል ማምረቻዋ ያለ ጊዜው ደክሟል፤ በእሷ ላይ የታይሮይድና የአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ) አንቲቦዲ መመርመር ግዴታ ነው፣ የአድሬናል መድከም ሳይታወቅ ሊገድላት ይችላልና። የስንዴና የገብስ ፕሮቲንን የማይቀበለው ሲሊያክም አለ። የማያቋርጥ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ ወይም በብረት ኪኒን የማይሻሻል የደም ማነስ ካለ ይመረመራል። ጤፍ ይህ ፕሮቲን የለውም፤ ዳቦ፣ በሶና ጠላ ግን አላቸው። ስለዚህ ምርመራው እነሱን ከመተው በፊት ይደረግ፤ ካቆሙ በኋላ አንቲቦዲው ይጠፋል።

አሁን ወደ ጎደለው። የማህፀን ቱቦ ራጅ፣ ኤች.ኤስ.ጂ. የሚባለው፣ የወር አበባ ደም ከቆመ በኋላ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይሠራል፤ ለእርስዎ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ቀን። ከደሙ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ ግንኙነት አይኑር፤ ወይም የእርግዝና ምርመራ ይደረግ። ከአንድ ሰዓት በፊት ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ቢዋጥ ቁርጠቱ ይቀንሳል፤ ጨጓራ ካለብዎት ባዶ ሆድ ላይ አይሁን። ትኩሳት ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ካለ መጀመሪያ ይታከም። በራጁ ጊዜ ቀለሙ ሲገባ ቱቦው ከድንጋጤ ሊኮማተር ስለሚችል «መጀመሪያው ላይ ተዘግቷል» የሚል ውጤት ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ አንዳንዴ መደገም አለበት። ጫፉ ላይ ተዘግቶ ያበጠ ከሆነ ግን እውነት ነው። ቱቦው እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰካካ ወይም ማህፀኑ የተጣበቀ መስሎ ከታየ ቲቢ ይታሰባል፤ ከማህፀን ግድግዳ ናሙና ተወስዶ በጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም የሚፈልግ ማሽን) እና በፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ) ይመረመራል። ጂን ኤክስፐርት ኔጌቲቭ ቢል እንኳ ቲቢ የለም ማለት አይቻልም፤ በማህፀን ውስጥ ጀርሙ ጥቂት ነው።

የሚሰጠው ቀለም በውኃ ላይ ወይም በዘይት ላይ የተሠራ መሆኑን ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት በዘይት ቀለም ከታዩት ሴቶች 39.7 በመቶ፣ በውኃ ቀለም ከታዩት 29.1 በመቶ በስድስት ወር ውስጥ ፀንሰው እርግዝናቸው ቀጥሏል። ምርመራው ራሱ በከፊል ሕክምና ነው ማለት ነው። የዘይቱ ቀለም ግን አዮዲን በብዛት አለው፤ ቲ.ፒ.ኦ. ፖዘቲቭ ስለሆኑ ከእሱ በኋላ ለሦስት ወር በየወሩ ቲ.ኤስ.ኤች. መለካት ይኖርብዎታል። ለቲቢ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ደግሞ የዘይቱ አይመረጥም።

የባለቤትዎ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ይደገም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ፤ ናሙናው በላቦራቶሪው ግቢ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከቤት ከሆነ በኮንዶም ሳይሆን ከላቦራቶሪው በተሰጠ ንጹሕ ዕቃ፣ ሳሙናና ምራቅ ሳይነካው፣ ብብት ሥር ተይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። በጎንደር የጠዋት ብርድ በኪስ ፌስታል የመጣ ናሙና ዘሩ ደክሞ ቢገኝ አይደንቅም። ውጤቱ «ደህና» ተብሎ ሳይሆን በቁጥር ይጻፍ፦ መጠኑ ቢያንስ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ ብዛቱ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በአጠቃላይ 39 ሚሊዮን፣ ተንቀሳቃሹ 42 በመቶ፣ ወደፊት የሚዋኘው 30 በመቶ፣ ቅርጹ ያማረው 4 በመቶ። እነዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 ዝቅተኛ መለኪያዎች ናቸው። ዘር ለመመረት ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅበት ባለፉት ሦስት ወራት ወባ ወይም ታይፎይድ ታመው ከሆነ ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሦስት ወር ቆይቶ ይደገማል።

ማንም ያልጠየቀዎትን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ በትክክለኛው ቀን አብራችሁ የነበራችሁት ስንት ወር ነው? ባለቤትዎ ሹፌር ናቸው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይወጣሉ። ጾም የምታከብሩ ከሆነም ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም 43 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን አለ፤ በጠበል ጊዜም ብዙዎች ይለያሉ። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ነው፤ የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ይኖራል። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ መታቀብ ብቻውን እንቅፋት አይሆንም፤ በሌሎቹ ቀናት ግንኙነት ካለ በቂ ነው። ወር የሚበላው ረጅሙ ጾምና ረጅሙ መንገድ ነው። ዑደትዎ 28 ሲሆን ከ9ኛው እስከ 14ኛው፣ 30 ሲሆን ከ11ኛው እስከ 16ኛው ቀን ያሉትን ይቁጠሩ። ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጋር ተቀምጣችሁ ብታሰሉት አራት ዓመት የተባለው ምናልባት አንድ ዓመት ተኩል ሆኖ ይገኛል። ይህ ዕጣችሁን በእጅጉ የሚለውጥ ዜና ነው። ጾሙን በተመለከተ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፤ የጉዞውን መርሐ ግብር ግን ማስተካከል ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው። ዛሬ የሚጀምሩት ኪኒን አንድ ብቻ ነው፤ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ለሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ ሲባል። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ኤች.ኤስ.ጂ.፣ የባለቤትዎ ምርመራና የታይሮይዱ ድጋሚ ልኬት ይለቁ፤ ሦስቱም ጎንደር ላይ ማለቅ የሚገባቸው ናቸው። ሁሉም ደህና ከሆኑና በትክክል የሞከራችሁበት ጊዜ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ስድስት ወር በተቆጠሩ ቀናት ይሞክሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ እንቁላል የሚያበረታታ ኪኒን ከአይ.ዩ.አይ. ጋር፣ ማለትም የታጠበ የወንድ ዘር በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ከማስገባት ጋር፣ ሦስት ወይም አራት ዙር። ክሎሚድን ብቻውን ከፋርማሲ ገዝቶ ለወራት መዋጥ እንቁላል ለሚወጣላት ሴት አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የአሜሪካ ጥናት እስከ አራት ዙር አይ.ዩ.አይ. ከተሠራላቸው ጥንዶች በክሎሚፊን (ክሎሚድ) 23.3፣ ሌትሮዞል በተባለው ሌላ ኪኒን 18.7 በመቶ ወልደዋል። እንቁላል በሚያበረታታ መርፌ ወደ 32 ከፍ ይላል፤ ከእርግዝናዎቹ ግን ሲሶ ያህሉ መንታና ከዚያ በላይ ነበሩ። ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ መንትዮች ዝግጁ ያልሆነ ቤተሰብ መርፌውን ባይመርጥ እመክራለሁ።

አይ.ቪ.ኤፍ. የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወይም ሁለቱም ቱቦ ከተዘጋ፣ ወይም የወንዱ ዘር እጅግ ካነሰ ወዲያውኑ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ይህን አገልግሎት የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል አለው። ሲሄዱ የራጁን ፊልም ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ የተጻፈው ሪፖርት ብቻ አይበቃም። ፈሳሽ ቋጥሮ ያበጠ ቱቦ ካለ ከአይ.ቪ.ኤፍ. በፊት መወገድ ወይም መታሰር አለበት፤ ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየተመለሰ የመፀነስ ዕድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በዚህ ላይ ሳይታይ የተከፈለ ብር ብዙ ነው።

የወር አበባዎ አንድ ሳምንት ካለፈው የሽንት ምርመራ ያድርጉ። ፖዘቲቭ ከሆነ ያንኑ ሳምንት ቲ.ኤስ.ኤች. ያስለኩ፣ ከዚያም እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ። ያ 240 የሚባለው ቁጥር በእውነት ሥራ ላይ የሚውለው ያን ጊዜ ነው።